የአገር ሻምፒዮን በሰው አገር መንገድ

ቤልጂየማዊው ፍሬዲ ሎይክስ የኢፐርን ራሊ 11 ጊዜ አሸንፏል። ቦይ ግራና ቀኝ በያዘው፣ ከየእርሻው የሚወጣ ጭቃ በሚያዳልጠው በዚያ ጠባብ አስፋልት ላይ እሱን መርታት እጅግ ከባድ ነበር። ያው ሰው በዓለም ሻምፒዮና ለሚትሱቢሺ፣ ለሂዩንዳይና ለፔዦ ቢሰለፍም አንድም የዓለም ሻምፒዮና ራሊ አላሸነፈም። ይህን የሰማ ብዙ ሰው ለመፍረድ ይቸኩላል፤ “የሰፈሩ ጀግና ነው” ብሎ ያልፋል።

በዚህ ፍርድ አልስማማም። የአገር ሻምፒዮንነት የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ አሽከርካሪው አንድን መንገድ እስከ ጥግ ድረስ መማር መቻሉን። የአውሮፓ የራሊ ሻምፒዮና ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ የማታውቀውን መንገድ በምን ያህል ፍጥነት ትማራለህ ይለዋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በአንድ ዓመት አይደለም። ሻምፒዮናቸውን ለአንድ ዓመት ልከው በውጤቱ ተከፍተው ገንዘባቸውን የሚሰበስቡ ፌዴሬሽኖችና ስፖንሰሮች ፈተናው ሳያልቅ ወረቀቱን እየነጠቁ ነው።

የአውሮፓ ሻምፒዮና ከዓለም ሻምፒዮና በ20 ዓመት ይበልጣል። የተጀመረው በ1953 ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው ጀርመናዊው ሄልሙት ፖለንስኪ ነበር። በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ መንገዱ ፈጽሞ አይመሳሰልም። እስከ 2022 በአዞረስ ደሴቶች በእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ላይ የሚሄድ ፒስታ ነበረ፤ ከግርጌው ሐይቆች ተኝተዋል። በቼክ ዝሊን ዙሪያ በደን ውስጥ የሚጠማዘዝ የተቦዳደሰ አስፋልት አለ። እስከ 2023 በላትቪያ ሊፓያ እጅግ ፈጣን ፒስታ፣ እስከ 2024 በካናሪ ደሴቶች ደግሞ እንደ መኪና ሩጫ ሜዳ የለሰለሰ የተራራ አስፋልት ይጠብቅ ነበር።

በየአገሩ ደግሞ ባለቤት አለ። ከዙሮቹ ብዙዎቹ በዚያው አገር ሻምፒዮና ውስጥም ስለሚቆጠሩ እንግዳው የሚገጥመው ከሌሎች እንግዶች ጋር ብቻ ሳይሆን መንገዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሚያውቁ የአገሬው አሽከርካሪዎች ጋር ነው። “ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ” የሚለው አባባል እዚህ በትክክል ይሠራል። ቼካዊው ያን ኮፔትስኪ በዝሊን ከአስር ጊዜ ያላነሰ አሸንፏል። ከ2011 እስከ 2013 በተከታታይ የፖርቱጋል ሻምፒዮን የነበረው የአዞረሱ ተወላጅ ሪካርዶ ሞውራ በ2016 ለአውሮፓ ዋንጫ የመጡትን ሁሉ በገዛ ደሴቱ ላይ አስከትሎ ገብቷል።

የአገሬው ሰው ብልጫ ከየት ይመጣል? ከመኪናው አይደለም። ከፊት የሚሰለፉት ራሊ ቱ የሚባሉት መኪኖች በሕግ የተመጣጠኑ ናቸው፤ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ 1,230 ኪሎ ግራም ዝቅተኛ ክብደት። ስኮዳ፣ ሂዩንዳይ፣ ፎርድ፣ ቶዮታና ሲትሮየን ለገዛ ሁሉ ይሸጧቸዋል። ልዩነቱ ያለው በማስታወሻው ደብተር ላይ ነው።

ከውድድሩ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ስቴጅ የሚባሉትን በሰዓት የሚለኩ መንገዶች በተወሰነ ፍጥነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ እየነዳ እንዲያያቸው ይፈቀድለታል። አሽከርካሪው የሚያየውን ይናገራል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ረዳቱ ይጽፋል። መታጠፊያው ምን ያህል ይከብዳል፣ እስከሚቀጥለው ስንት ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ይጠባል ወይ፣ በውስጥ በኩል ድንጋይ አለ ወይ። በውድድሩ ቀን ረዳቱ ያንኑ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ አሽከርካሪው ገና ዓይኑ ያላየውን ኮረብታ በሙሉ ፍጥነት የሚሻገረው ያንን ድምፅ አምኖ ነው። እንግዳው ይህን ደብተር በሁለት ምልልስ ይጽፈዋል። የአገሬው ሰው ግን ያለፈውን ዓመት ደብተር ይዞ መጥቶ ያርመዋል፣ ዘንድሮም ያጠራዋል። ዝናብ ሲጥል ውሃ የት እንደሚቋጥር፣ የፊተኞቹ መኪኖች መታጠፊያ ሲቆርጡ የትኛው ዳር ጭቃ እንደሚያወጣ ያውቃል። በአንድ ኪሎ ሜትር የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ከ200 ኪሎ ሜትር ስቴጅ በኋላ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያልፋል። በ2013 በኦስትሪያው የያነር ራሊ ኮፔትስኪ ብሪያን ቡፊዬን የቀደመው በግማሽ ሰከንድ ብቻ እንደነበር ስናስታውስ ደቂቃ ተኩል ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

የቡፊዬ ታሪክ ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። ፈረንሳዊው ቡፊዬ ከ2007 እስከ 2009 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የፖላንድ ሻምፒዮን ነበር፤ በራሱ አገር ሻምፒዮን የሆነው ከዚያ በኋላ በ2010 ነው። በሰው አገር መንገድ እየኖረ የሰውን መንገድ መማር ሥራው አደረገ። በጥር 2011 በረዶና ደረቅ አስፋልት በሚፈራረቁበት በሞንቴ ካርሎ ራሊ ያሸነፈው ይህ ሰው ነው። እሱ ከፖላንድ ሲወጣ ዘውዱን የወረሰው ካየታን ካየታኖቪች ከ2010 እስከ 2013 አራት ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። በ2013 የአውሮፓ ሻምፒዮና ዙር የነበረውን የፖላንድ ራሊ አሸነፈ፤ በገዛ አገሩ ማለት ነው። የአውሮፓ ዋንጫ ግን በዚያም ዓመት፣ በሚቀጥለውም አልመጣም። በጥር 2015 በያነር ራሊ በረዶ ላይ፣ በሰው አገር፣ አሸነፈ፤ ከዚያ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ። ሦስት ዓመት አከታትሎ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ከእሱ በፊት አልነበረም። ስፖንሰሩ በ2014 መጨረሻ ላይ “ሞከርነው፣ አልሆነም” ብሎ ቢሄድ ኖሮ ፖላንድ ይህን ሁሉ ታጣ ነበር።

ተቃራኒው ምሳሌ አይጠፋም። የ2012 የፊንላንድ ሻምፒዮን ኤሳፔካ ላፒ በ2014 በወጣትነቱ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዷል፤ “ተሰጥኦ ካለ ቶሎ ይታያል” የሚሉ ሰዎች እሱን ይጠቅሳሉ። ላፒ ድንቅ አሽከርካሪ ነው፤ ግን ከኋላው የቆመው የስኮዳ ፋብሪካ ራሱ ነበር። መሐንዲስ፣ የሙከራ ቀናት፣ የተመረጠ ጎማ፣ ሁሉ ተሟልቶለታል። ፋብሪካ ያለው ሰው የሚገዛው መኪና ብቻ አይደለም፤ የመማሪያ ጊዜም ይገዛል። ፋብሪካ የሌለው የአገር ሻምፒዮን ይህን ጊዜ የሚያገኘው ዓመታትን በመቁጠር ብቻ ነው። በ2023 እና በ2024 ዋንጫውን የወሰደው፣ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኒውዚላንዳዊው ሄይደን ፓደን እንኳ አውሮፓ የደረሰው በዓለም ሻምፒዮና ለዓመታት ከተፈተነ፣ በ2016 አርጀንቲናን ካሸነፈ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ራሱን የቻለ ቁስል ነው። መኪና ወደ ደሴት በመርከብ መላክ፣ መካኒኮችን ማሳደር፣ ለያንዳንዱ ዙር ጎማ መግዛት፣ የተጋጨ አካል መቀየር አለ። እንግሊዛዊው ክሪስ ኢንግራም በ2019 ለዋንጫው እየተፎካከረ ሳለ ገንዘብ አልቆበት ከደጋፊዎች መዋጮ በማሰባሰብ ወቅቱን ጨርሷል። በሀንጋሪው የመጨረሻ ዙር ዋንጫውን ሲያነሳ ከ1967ቱ ከቪክ ኤልፎርድ ወዲህ የመጀመሪያው ብሪታኒያዊ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ከ50 ዓመት በላይ የተጠበቀ ድል በተራ ደጋፊ ኪስ ላይ መንጠልጠሉ ለብሪታኒያ ሞተር ስፖርት የሚያስከብር ነገር አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ስንት ኢንግራሞች በሦስተኛው ዙር ላይ ተመልሰው ይሆን?

ዛሬ ከመኪና ውስጥ የተቀረጹ ቪዲዮዎች ስለበዙ እንግዳውም መንገዱን ከቤቱ ሆኖ ማጥናት ይችላል። ይህ የአገሬውን ብልጫ አጥብቦታል፤ አላጠፋውም። ቪዲዮ የጭቃውን ማዳለጥ፣ የአስፋልቱን መጨበጥ አያሳይም።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኖችና ለስፖንሰሮች የምለው ግልጽ ነው፤ ሻምፒዮናችሁን ስትልኩ ለሦስት ዓመት ላኩት፤ በመጀመሪያው ዓመት ስምንተኛ ቢወጣ አትደንግጡ፤ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ መንገድ ስንት ሰከንድ አሻሽሎ እንደነዳው ጠይቁ። ፖላንዳዊው ሚኮ ማርቺክ የአገሩ ሻምፒዮን የሆነው በ2019 ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው በ2025 ነው።