መብራት ሲጠፋ ደወሉም እንዳይተኛ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው አባባል ዛሬ በአምዳችን ለምናነሳው ጉዳይ በእጅጉ ይስማማል። ቤታቸውን ከሌባ ለመጠበቅ የማስጠንቀቂያ ደወል ያስገጠሙ ቤተሰቦች አሉ። በተለይም አዳር ሥራ ያለባት ነርስ፣ በፈረቃ የምትሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ልጆቿን ለአያት ወይም ለቤት ሠራተኛ ትታ የምትወጣ እናት፣ ደወሉ መኖሩን ስታስብ ልቧ ይረጋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ደወል የሚሠራው በቤቱ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይጨልማል፤ ሌባም የሚመርጠው ጨለማን ነው። እንግዲህ ደወሉ ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚተኛ ከሆነ፣ የቤቱ ጥበቃ የሚጓደለው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ይህ የእናቶች ጉዳይ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ከተማ የኩዊንስ ክፍል ነዋሪ የነበረችው ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ነርስ ነበረች። የሥራ ሰዓቷ ስለሚዘበራረቅ ብቻዋን ቤት ውስጥ የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ስለዚህ ከኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ባለቤቷ ጋር ሆና፣ በር ላይ ያለውን ሰው በካሜራ የሚያሳይና በአንድ ቁልፍ እርዳታ የሚጠራ መሣሪያ ነደፈች። እ.ኤ.አ. በ1966 ያመለከቱበት የፈጠራ መብት በ1969 ተሰጣቸው። የዛሬው የቤት መጠበቂያ መሣሪያ ከዚህች ነርስ ሐሳብ ብዙ ወርሷል።

ወደ እኛው ከተማ እንመለስ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም በግድቡና በቤታችን መካከል ብዙ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር አለ። አንድ ዛፍ ቢወድቅ ወይም አንድ ትራንስፎርመር ቢቃጠል ሰፈሩ ጨለማ ይሆናል። ቆጣሪ ገና ያልገባለት አዲስ ቤት ወይም ሱቅማ ከመጀመሪያውም መብራት የለውም። መፍትሔው ለደወሉ ብቻ የሚሆን አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ማዘጋጀት ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ያላችሁን ደወል ፈትኑ። በብዙዎቹ ደወሎች ውስጥ አንድ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ይገኛል። ቀን ላይ የቤቱን መብራት ከማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን አጥፉና ደወሉ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ተመልከቱ። ባትሪው ካረጀ ሙሉ ሌሊት ላያደርስ ይችላል። ችግራችሁ የጥቂት ሰዓት መጥፋት ብቻ ከሆነ ባትሪውን መለወጥ ይበቃችሁ ይሆናል። መብራት ለቀናት የሚጠፋበት ወይም ጨርሶ ያልገባበት ቤት ከሆነ ግን የሚከተለውን ስሌት መሥራት ይገባል።

ለምሳሌ ያህል በ12 ቮልት የሚሠራና 3 ዋት የሚወስድ ደወል አለ እንበል። 3 ዋት በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 72 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይህም ለ12 ሲካፈል 6 አምፒር-ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳትታይ ለምታልፍባቸው 3 ቀናት 18 አምፒር-ሰዓት ያስፈልጋል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት እጥፉን፣ 36፣ እንይዛለን፤ ስለዚህ 40 አምፒር-ሰዓት ገደማ የሆነ ባትሪ ይበቃል። ሶላሩን ደግሞ ለበጋ ሳይሆን ለሐምሌና ለነሐሴ አስቡ። በክረምት በቀን የሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ብቻ ይገኛል ብለን፣ በመንገድ የሚባክነውንም ጨምረን ብናሰላ፣ 50 ዋት ሶላር ያስተማምናል።

በግዢ ጊዜ ሦስት ነገሮችን አትዘንጉ። አንደኛ፣ የመኪና ባትሪ ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሶላር የተሠራውን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በሶላሩና በባትሪው መካከል ነጋዴዎች ኮንትሮለር የሚሉት መቆጣጠሪያ የግድ ያስፈልጋል፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይደርቅ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይግባ። ሦስተኛ፣ ደወሉ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ኢንቨርተር አትግዙ፤ ኢንቨርተር ያለ ሥራ በርቶ ሲያድር ራሱ ኃይል ይበላል።

ሶላሩ የዛፍና የግድግዳ ጥላ የማያርፍበት ቦታ ላይ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይሰቀል፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል። ሶላሩ ራሱ የሌባ ሲሳይ እንዳይሆን ከአጥር ላይ የማይደረስበት ይሁን። ጣሪያ ላይ መውጣትና ሽቦ ማገናኘት የባለሙያ ሥራ ነው። ባትሪው አየር በሚገባበትና የልጆች እጅ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። በበጋ ወራት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይገባል።

ደወላችሁ በስልክ መልእክት የሚልክ ከሆነም የሚልከው በምን እንደሆነ እወቁ። በቤቱ ዋይፋይ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ስለሚጠፋ መልእክቱ አይደርሳችሁም። ሲም ካርድ ያለው ይሻላል፤ ሒሳቡ እንዳያልቅ ግን ተከታተሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው የቤተሰቡ ሥነ ሥርዓት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆች ስልካቸውን፣ አባት ሬዲዮውን፣ እንግዳም የራሱን ከዚሁ ባትሪ ላይ መሰካት ይጀምራል። አንድ ቴሌቪዥን 60 ዋት ቢወስድ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ የደወሉን ከሦስት ቀን በላይ ቀለብ ይጨርሳል። ቤተሰቡ ፊልም አይቶ ይተኛል፤ ደወሉም አብሮት ይተኛል። ስለዚህ «ይህ ባትሪ የደወሉ ነው» የሚል ሕግ በቤታችሁ ይኑር፤ ምክንያቱንም ለልጆች አስረዷቸው። ለስልክና ለአምፖል ከፈለጋችሁ ሌላ ትንሽ ሶላር መጨመር ይሻላል።

በመጨረሻም ደወል ሌባን አይዝም፤ ሰው ይጠራል እንጂ። የሚሰማው ጎረቤት ከሌለ ጩኸቱ ከንቱ ነው። እንግዲህ በእድሩ ወይም በቡና ሰዓት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ድምፁን በቀን አሰሟቸው፤ ሌሊት ሲጮኽ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን መብራት ይዞ እንደሚወጣ ተስማሙ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ደወሉን ፈትኑ፤ ለቤት ሠራተኛችሁም አጠቃቀሙን አሳዩአት፤ እናንተ በሌላችሁበት ሌሊት ከልጆቹ ጋር የምታድረው እርሷ ናትና።