መኖው ይቅደም፦ በብርሃን የማይኖሩ ለስላሳ ኮራሎችን ስለ ማርባት

ኮራልን ተክል ወይም ድንጋይ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ኮራል ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት እርስ በርስ ተያይዘውና ያገኙትን ምግብ ተካፍለው የሚኖሩበት ማኅበር ኮሎኒ ይባላል። ጥልቀት በሌላቸው ሞቃታማ ባሕሮች ሪፍ የተባለውን ዐለታማ መኖሪያ የሚገነቡት ኮራሎች በአብዛኛው በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን ዋቅላሚዎችን ወይም አልጌዎችን ያስጠጋሉ። ዋቅላሚዎቹም በብርሃን አስተፃምሮ ካዘጋጁት ምግብ ለአስጠጊያቸው ያካፍላሉ። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ኮራልን በቤት አኳሪየም የሚያሳድጉ ሰዎች ስለ መብራት አብዝተው የሚጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዴንድሮኔፍትያ የተባለው ለስላሳ ኮራል ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። መኖሪያው ቀይ ባሕር፣ የሕንድ ውቅያኖስና ምዕራባዊው ፓስፊክ ነው። ግንዱ ውኃ ሲሞላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውኃው ሲወጣለት ይኮማተራል። በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ሐምራዊ ፖሊፖች እንደ አበባ እቅፍ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም ፖሊፕ ስምንት ላባ መሰል ክንዶች አሉት። በሥጋው ውስጥ ግን ዋቅላሚ የለም። ስለዚህ መብራት አይቀልበውም። በውበቱ ተማርኮ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው፤ ኮራሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ኮስምኖ ያልቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንደሚከተለው ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ለመያዝ የሚያበቃው የገንዘብ አቅም ሳይሆን የመኖ ዝግጅት ነው። ምግቡን ያለማቋረጥ ማቅረብ መቻሉን አስቀድሞ ያላረጋገጠ ሰው ኮራሉን አይግዛ። የገዛም ሰው ቢሆን ኮራሉ አድጎ ሌላ እስኪተካ ድረስ ተሳካልኝ አይበል።

ባሕር የሚያቀርበው ገበታ

ኮራሎች ከውኃ የሚይዙት ምግብ በዋነኛነት ዙፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳት ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ካታሪና ፋብሪሲየስ፣ ይሁዳ ቤናያሁና አማጽያ ጌኒን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን አመለካከት ለወጠ። ተመራማሪዎቹ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤይላት አካባቢ የሚኖረው ዴንድሮኔፍትያ ሄምፕሪኪ በዋነኛነት የሚመገበው ፋይቶፕላንክተንን፣ ማለትም ተንሳፋፊ ዋቅላሚዎችን መሆኑን አሳዩ። በሌላ አነጋገር ይህ ኮራል ከዐለቱ ሳይንቀሳቀስ የባሕሩን መስክ የሚግጥ ዕፅ በል እንስሳ ነው። ስሙም ለአካባቢያችን ባዕድ አይደለም፤ ዝርያው የተሰየመው ቀይ ባሕርን ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1825 በምፅዋ ሕይወቱ ባለፈው ጀርመናዊ ተመራማሪ በቪልሄልም ሄምፕሪክ ስም ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የኮራሉ አመጋገብና ዕድገት በውኃው ፍሰት ላይ የተመሠረተ መሆኑንም አመልክተዋል። ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። የፊቱ ስፋት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮሎኒ በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር በሚጓዝ ውኃ ውስጥ ቆሟል እንበል። በየሴኮንዱ 1 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 86,400 ሊትር ውኃ በኮሎኒው በኩል ያልፋል። ይህ ባለ 200 ሊትር አኳሪየም ከሚይዘው ውኃ 432 እጥፍ ነው። ፓምፕ ያንኑ 200 ሊትር መላልሶ ሊያዞረው ይችላል፤ ከውስጡ የተበላውን ምግብ ግን አይተካም።

ታዲያ መኖውን በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጨመር መፍትሔ አይሆንምን? አይሆንም። ባሕሩ የሚያቀርበው ምግብ ስስ ነው፤ ነገር ግን አይቋረጥም። ኮራሉም የተፈጠረው ለዚህ ዓይነት ገበታ ነው። በአኳሪየም ውስጥ ሳይበላ የቀረው መኖ ይበሰብሳል፤ ከብስባሹ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የአንድ ሳምንት መኖ ናይትሬቱን በሊትር 10 ሚሊ ግራም ይጨምራል፣ ከውኃ ቅያሪ በቀርም የሚያስወግደው ነገር የለም እንበል። በየሳምንቱ ከውኃው 10 በመቶውን ብቻ የሚቀይር ሰው ናይትሬቱ ከቅያሪው በፊት በሊትር ወደ 100 ሚሊ ግራም እስኪጠጋ ድረስ ሲከማች ያያል። ግማሹን የሚቀይር ግን በ20 ሚሊ ግራም ገደማ ያረጋዋል። አንባብያን ስሌቱን በወረቀት ላይ እንዲሞክሩት እንጋብዛለን።

ስለዚህ መኖው በጥቂት በጥቂቱ፣ ሌሊቱን ጭምር፣ በአነስተኛ ፓምፕ መግባት አለበት። ትርፉን የሚያወጣ የአረፋ ማጣሪያና በቂ የውኃ ቅያሪም ያስፈልጋል። መኖውን ማሳደግ ግን የሚከብድ ሥራ አይደለም። ናኖክሎሮፕሲስንና ኢሶክሪሲስን የመሰሉ ዋቅላሚዎች በንጹሕ ጠርሙስ፣ በጨው ውኃ፣ በማዳበሪያ፣ በመብራትና በአየር ፓምፕ ይበቅላሉ። ከባዱ ነገር በየቀኑ አለመቋረጡ ነው። አንዱ ጠርሙስ ሲበላሽ የሚተካ ሌላ መኖር አለበት። ሮቲፈር የተባሉት ደቂቅ እንስሳት በእጅ ወይም በዕቃ አማካይነት ገብተው ዋቅላሚውን በልተው እንዳይጨርሱም ጥንቃቄ ያሻል።

መከፈቱ ብቻ ምስክር አይሆንም

ብዙ ሰዎች ፖሊፖቹ ተከፍተው ሲያዩ ኮራሉ ደኅና ነው ብለው ይደመድማሉ። የተራበ ኮራልም ግን ምግብ ፍለጋ ክንዶቹን ይዘረጋል። ምግብ ባጣ ጊዜ የገዛ ሥጋውን እያቃጠለ ቀስ በቀስ ያንሳል። ግንዱ በውኃ የሚነፋ በመሆኑም የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ባለቤቱን ያታልለዋል፤ ጠዋት የከሳ የመሰለው ማታ የሰባ ሊመስል ይችላል። ስለሆነም መለኪያው የአንድ ቀን ውበት ሳይሆን የወራት መዝገብ መሆን ይገባዋል። በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ፍሰት የተነሡ ፎቶግራፎች፣ የቅርንጫፎች ቆጠራ፣ የተሰጠው መኖ መጠንና የናይትሬት ልኬት አንድ ላይ መያዝ አለባቸው።

የማራባቱ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዋቅላሚ ያላቸውን ጠንካራ ለስላሳ ኮራሎች በስለት ቆርጦ ቁራጩን ከድንጋይ ጋር ማሰር የተለመደ ዘዴ ነው። የተራበን ዴንድሮኔፍትያ መቁረጥ ግን አንዱን ረሃብተኛ ሁለት ማድረግ ነው። ዳሃንና ቤናያሁ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ዴንድሮኔፍትያ ሄምፕሪኪ ራሱ ጥቃቅን ቁራጮችን እንደሚጥልና እነዚህም ሥር መሰል አካል አውጥተው ከዐለት ጋር እንደሚጣበቁ ገልጸዋል። እንግዲህ ማራባት የባለቤቱ የስለት ጥበብ ሳይሆን የእንስሳው ጥጋብ ውጤት መሆን አለበት። በመዝገብ የተረጋገጠ ዕድገት ያላሳየ ኮሎኒ ሊቆረጥ አይገባውም።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው ወገን «ኮራሉ በባሕሩ ይኑር፤ ከቶ አይነካ» ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን በሁለተኛው ዝርዝሩ ሲያካትት፣ ዴንድሮኔፍትያንና አብዛኞቹን ለስላሳ ኮራሎች አላካተተም። በመሆኑም በዚህ ስምምነት በኩል ከባሕር የሚወጣውን ብዛት የሚቆጥር የለም። ይሁን እንጂ በቤት የተራባ ኮራል ከባሕር የሚነሣውን ሊተካ ይችላል። የሚተካው ግን በእርግጥ ሲራባ ብቻ ነው፤ የሞተውን በየወሩ በአዲስ ግዢ መተካት ጉዳቱን ያባብሳል።

ሁለተኛው ወገን «ሳይሞከር እንዴት ይታወቃል?» ይላል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሙከራ የሚባለው ጥያቄ፣ ልኬትና መዝገብ ያለው ነው። መዝገብ ያለው ውድቀት ለሚቀጥለው ሰው ትምህርት ይተዋል፤ መዝገብ የሌለው ግዢ የሚተወው ባዶ ድንጋይ ነው። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከባሕር ርቆ የሚኖር ተማሪም ከዚህ ሥራ የራሱን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ኮራል ሳይኖር ዋቅላሚን ማሳደግ፣ በማይክሮስኮፕ መቁጠርና ዕድገቱን በግራፍ ማስፈር ይቻላል። ለሦስት ወራት አንድም ቀን ሳያቋርጥ ያሳደገ ሰው የእንስሳውን ፍላጎት ከማንም ሻጭ በተሻለ ያውቀዋል። ይህን ያልሞከረ ግን የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖረው ኮራሉን ከሚኖርበት ዐለት ላይ የሚያስነሣበት በቂ ምክንያት የለውም።