ቀለሟን የተገፈፈች ቮልስ ታዋጣለች?

ከወራት በፊት ከአንድ የመኪና ደላላ ጋር ሆኜ ቮልስ ለማየት ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። ባለቤቱ ወጣት ነጋዴ ነው። መኪናይቱ ቀለም የሚባል አልነበራትም፤ ከኮፈኗ እስከ ፓራፋንጎዋ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ ብረቷ እንደ አዲስ ድስት ያብረቀርቃል። «ፋሽን ነው፤ ደግሞም ቀለም ከማስቀባት ይረክሳል» አለን ልጁ። ደላላው ጎንበስ ብሎ የበሩን የታችኛ ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰና «ወንድሜ፣ ቀለም ለብሳ ቢሆን እሸጥልህ ነበር» አለው። የድሮ ብየዳ ጠባሳ፣ የስቱኮ ቅሪትና ጥቃቅን የዝገት ቀዳዳዎች ወለል ብለው ይታዩ ነበር።

እኔ ግን ደላላው ባዘነበት ነገር ተደስቼ ወጣሁ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ለምን እንደሚበላሽ አሳይቷል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው አለማወቁን ስለሚያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በእኛ ከተማ ጉዱን የሚሸፍኑት ስቱኮና ቀለም ናቸው።

ነገሩ የሞኝ ጨዋታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ቮልስማ ከእነአካቴው ማምረቻዋ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንግዲህ አሮጌ መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል። ገንዘቡን ቆርቆሮ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ቆርቆሮው ምን እንደሚመስል ማየት አለበት።

ይሁንና የልጁ ሒሳብ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። «ቀለም ከማስቀባት ይረክሳል» ያለው የገዛውን ዕቃ ብቻ ቆጥሮ ነው። እርግጥ ነው፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም የሚያነሳ ፈሳሽ ብዙ አያስወጡም፤ የሚያስወጣው ቀን ነው። ቀለሙ በ80 ቁጥር ይነሳና 180፣ ከዚያም 320 እያለ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እስኪተኛ ድረስ በእጅ መፋቅ አለበት። ይሰለቸኛል ብሎ በግራይንደር የሚሮጥ ባትላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማያልፈውን ላሜራ በሙቀት ያጣምመዋል። በአሸዋ ግፊት ማጽዳትም ሰፊ ላሜራ ላይ ያው ጣጣ አለው። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን ያለ ጭምብል መተንፈስ ሌላ ዕዳ ነው። ሥራው ሲያልቅ ብረቱን በባዶ እጅ የነካ ሰው ላቡ በነጋታው የዝገት አሻራ ሆኖ ይጠብቀዋል።

«ክሊር ይረጭበታላ!» ይባል ይሆናል። ክሊር የሚያምረው ቀለም ላይ ነው። በራሱ ዝገት የሚከላከል ቅመም የለውም፤ ከለሰለሰ ብረት ጋርም አጥብቆ አይያያዝም። አንዲት የጠጠር ፍንጣሪ ከጫረችው ውሃ በጭረቱ ይገባና ዝገቱ ከክሊሩ ሥር እንደ ክር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ያን ለማስተካከል ያንን ላሜራ እንደገና መግፈፍ ነው። በሰም ወይም በተፈላ የተልባ ዘይት የሚያሹም አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በየጊዜው መደጋገም አለበት። ቀለም አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ዓመታት ይቆያል፤ ሰም ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አከራዩ ዋጋ ይጨምራል።

ራቁት መልክ ለሚወድ ሰው ገበያው ውስጥ የተሻለ ዕቃ አለ፤ አሮጌው ላንድሮቨር። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ሲቀርብ በእንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ይከፋፈል ስለነበር አብዛኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ራሱን የሚጠብቅበት ስስ ሽፋን ስለሚያወጣ ያለ ቀለም መኖር ይችላል። መጠንቀቅ የሚገባው አሉሚኒየሙ ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙ ይበላል። በብረት ሱፍ መፈተግም ክልክል ነው፤ የብረቱ ብናኝ ተሰክቶ ይቀርና ይዝጋል። ሻንሲው ግን ብረት ነውና እሱን ቀለም አይንፈጉት። (ያለ ቀለም የተሸጠው ዴሎሪያንም የማይዝግ ብረት የለበሰ ነበር፤ ቮልስ ከዚያ ጎራ አይደለችም።)

ታዲያ ቮልስ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት ከፋሽኑ ውስጥ መወሰድ ያለበት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። አሮጌ መኪና አድሶ የሚሸጥ ነጋዴ ቀለሙ ከተነሳ በኋላ፣ አንቲራስት ከመቀባቱ በፊት ገዢው መጥቶ ብረቱን እንዲያይ ይጥራ። ደህና ብረት ያለው ሻጭ ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅ ያምርበታል፤ «አይቻልም» የሚለው ደግሞ ሳይናገር ተናገረ። የአከርሎፍ ገዢ ያጣው ይህን ማየት ነበር። ጋራዦችም ይህን እንደ አገልግሎት ቢያስከፍሉበት ከስቱኮ የበለጠ ሳያተርፉበት አይቀሩም። የመኪናው መልክ ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ቀለም የሚቀይር ሰው እዚያም ማስመዝገቡን አይርሳ።

ያቺ ቮልስ ሰኔ ሳይገባ አንቲራስት ለብሳለች። ልጁ ከመቀባቷ በፊት ብረቷን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንስቶ ፎቶዎቹን ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ያሳያል። ደላላው አሁንም ፊቱ አልተፈታም።