ከማማው ያልወረደው መስታወት

ዛሬ ወደዚህች ምድር የሚመጣ ተሳላሚ በአብዛኛው በአውሮፕላን ይደርሳል። የቀደሙት ተሳላሚዎች ግን ብዙዎቹ በመርከብ ወደ ያፋ ወደብ ይጠጉ ነበር፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1865 የፈረንሳይ መሐንዲሶች ለመርከበኞች የመብራት ማማ ሠርተው ነበር። በዛሬው ዐምዳችን የምንተርከው በእንዲህ ያሉ ማማዎች ጫፍ ላይ ስለሚቀመጠው መስታወት፣ ስለ አሠራሩና ሲጎዳም ስለሚታደስበት መንገድ ነው።

መብራት የሚያበራ ሁሉ እንደሚያውቀው የነበልባል ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። ወደ ሰማይና ወደ መሬት የሚሄደው ለመርከበኛው አይደርሰውም። ቀደም ሲል የተወለወለ የብረት መስታወት ከነበልባሉ ጀርባ ይቆም ነበር፤ ይሁን እንጂ ብረቱ ከብርሃኑ ብዙውን ውጦ ያስቀረዋል። ብርሃን ሰብሳቢ የሆነ አንድ ትልቅ ሌንስ እንዳይሠራ ደግሞ መካከሉ እጅግ ይወፍራል፤ ክብደቱም አይቻልም።

መፍትሔውን ያገኘው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦጉስተን ዣን ፍሬኔል ነው። ብርሃን የሚታጠፈው በመስታወቱ ገጽ ላይ እንጂ በውፍረቱ ውስጥ አለመሆኑን አስተውሎ፣ የማያስፈልገውን ውፍረት አስወገደ፤ ገጹንም በቀለበት በቀለበት ከፋፈለው። ኋላም ከላይና ከታች ብርሃንን አጥፈውና አንጸባርቀው ወደ አድማስ የሚመልሱ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወቶች፣ ማለትም ፕሪዝሞች፣ ተጨመሩ። የመጀመሪያው ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1823 የጂሮንድ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት በኮርዱዋን ማማ ላይ በራ። ፍሬኔል ከአራት ዓመት በኋላ በ39 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈ፤ የፓሪስ ወርክሾፖች ግን ሥራውን ቀጥለው ሌንሶቹን ወደ ብዙ አገር ላኩ። ሌንሶቹ በደረጃ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ በአንደኛው ደረጃ ከነበልባሉ እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት 920 ሚሊ ሜትር ነው።

እነዚህን ሌንሶች የሚጎዳቸው ብዙ ነው። የማማ ጠባቂዎች የልብሳቸው ቁልፍ መስታወቱን እንዳይጭረው የበፍታ ሽርጥ ይታጠቁ ነበር። ቀን ቀን መጋረጃ ይጋርዱ ነበር፤ ሌንሱ የመብራቱን ብርሃን ወደ ውጭ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ የፀሐይንም ብርሃን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። ከሁሉ ይልቅ ስውር የሆነው ጉዳት ግን በማያያዣው ላይ የሚደርሰው ነው። ፕሪዝሞቹ በነሐስ ክፈፋቸው ውስጥ የተያዙት እርሳስና የተልባ ዘይት ባለበት ስቱኮ ነው። ይህ ስቱኮ በዘመናት ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ይረግፋል። በዚያን ጊዜ መስታወቱ በብረት ላይ ያርፍና ጠርዙ ይሸረፋል።

ጉዳት ሲደርስ የሚነሣው ጥያቄ በአሜሪካ ፍሎሪዳ በሴንት ኦገስቲን ማማ ላይ ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1874 የበራው የዚያ ማማ ሌንስ 370 በእጅ የተሞረዱ ፕሪዝሞች አሉት። በ1986 አንድ ሰው በጠመንጃ ተኩሶ 19ኙን ሰበረ። የጠረፍ ጥበቃው ሌንሱን አውርዶ በዘመናዊ መብራት ለመተካት አሰበ። ማማውን ለማደስ ሲደክም የነበረው የከተማው የሴቶች ማኅበር ግን ይህን አልተቀበለም፤ አሮጌው ሌንስ የሚጠገንበትን መንገድ አስጠና። በ1993 ሌንሱ ታድሶ በስፍራው በራ።

እድሳቱ ራሱ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፕሪዝም የራሱ ማዕዘን ስላለው አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። እርሳሱ መርዝ ነውና ሠራተኛው እጁንና ትንፋሹን ይጠብቃል። የሚዞሩ ከባድ ሌንሶች የሚንሳፈፉበት ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የምንለው፣ ካለ ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። የተሸረፈውን ጠርዝ ሞርዶ ማሳመር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የቀደመው ባለሙያ የሠራውን ቅርጽ ያጠፋል። ስለዚህ የተሸረፈው ብዙ ጊዜ እንዳለ ይተዋል። ፈጽሞ የጎደለው በአዲስ መስታወት ወይም በአክሪሊክ ፕላስቲክ ሲተካ፣ የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ በመዝገብ ይጻፋል። አንዱ ፕሪዝም ቢጎድል መብራቱ አይጠፋም፤ ወደ አድማስ መድረስ የሚገባው የእርሱ ድርሻ ግን ይባክናል።

ይህን የምንጽፍላችሁ በየቤታችንና በየዕቃ ቤታችን አሮጌ ፋኖስ፣ ቀንዲልና መስታወት ስለማይጠፋ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማጽዳት ስንነሣ እንዲያበራ ብቻ ብለን በብርቱ አንፈትገው። አስቀድመን ምን እንደያዘው እንመልከት፤ የወደቀ ስብርባሪ ቢኖር አንጣል፤ ከየት እንደወደቀም እንጻፍ። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ያን ጽሑፍ ይፈልገዋልና።