ቧልት ያጠፋው ጨዋታ

ሣቅን እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ አስቂኝ ፊልም ሲነቀፍ ቢሰሙ፥ «ለሣቅ የተሠራውን ነገር ምን ያስመረምረዋል?» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። የሚያስለቅስ ድርሰት ከእውነት ሲርቅ እንደሚነቀፍ ሁሉ፥ የሚያስቅም ድርሰት ከእውነት ሲርቅ ሊነቀፍ ይገባዋል። ለዚህም በምስክርነት የምንጠራው በ2018 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) በአሜሪካ የወጣውን «ታግ» የተባለውን ፊልም ነው። ታግ ማለት የእኛ ልጆች አባሮሽ የሚሉት ጨዋታ ነው።

የፊልሙ መነሻ እውነተኛ ታሪክ ነው። በዋሽንግተን ግዛት፥ ስፖካን በምትባለው ከተማ፥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ዐሥር ጓደኛሞች አባሮሽ ይጫወቱ ነበር። ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ አንደኛው የመጨረሻ ተነኪ ሆኖ፥ ተራውን ለሌላ ሳያስተላልፍ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው ይህንኑ ሲያነሡ፥ ጨዋታው በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር እንዲቀጥል ወሰኑ፤ ከመካከላቸው የሕግ ባለሙያ የሆነውም ውል አዘጋጀላቸው። የነካን ሰው ወዲያው መልሶ መንካት በደንባቸው ክልክል ነው። ከእነርሱ አንዱ፥ ኋላ ቄስ የሆነው፥ ካሊፎርንያ የሚኖረውን ጓደኛውን ለመንካት ከሲያትል በአውሮፕላን ሄዶ፥ በመኪና የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተጣጥፎ እስከ መደበቅ ደርሷል። ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ በ2013 ታሪኩን ሲያወጣ፥ ጨዋታው 23 ዓመት ሆኖት ነበር።

የዚህ ታሪክ ደስታ ከምን የመጣ ነው? ሥራ፥ ትዳርና ርቀት የለያያቸው ሰዎች «ናፍቀኸኛል» ለማለት ቢያፍሩ፥ ናፍቆታቸውን በአንድ መንካት ስለሚገልጹ ነው። ተራው ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚያልፍም ከመካከላቸው የማይያዝ የለም። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቈጣ ሁሉ፥ በዚህም ጨዋታ ሹመትና ሀብት ቦታ የላቸውም።

የፊልሙ ደራስያን ይህን አላስተዋሉም። ዐሥሩን ሰዎች አምስት ማድረጋቸው ባልከፋ ነበር። ትልቁ ጥፋታቸው ግን ጄረሚ ሬነር የሚጫወተውን ጄሪን፥ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነካ ጀግና ማድረጋቸው ነው። አራቱ ጓደኞቹም በሠርጉ ሰሞን እንደ አውሬ ያድኑታል፤ እርሱም እንደ ወታደር ይደበድባቸዋል። ታዲያ ከቶ የማይነካ ሰው እንዴት ተጫዋች ይባላል? ተራ የማይደርሰው ከሆነ ጨዋታው ጦርነት ሆነ፤ ወዳጅም ታዳኝ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ጓደኞቹን ለማታለል ሲባል፥ የጄሪ እጮኛ ነፍሰ ጡር ነኝ ትላለች፤ ቀጥሎም ፅንሷ እንደ ጨነገፈ ታስመስላለች። ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው ወሰን ሲኖረው ነው። ይህን ኀዘን ያየች እናት በአዳራሹ ብትኖር፥ ሣቁ ለእርሷ ምን ይሆንላታል? በመጨረሻም ደራስያኑ መሣቅ ያቃተውን ተመልካች በግድ ለማስለቀስ፥ ኤድ ሄልምስ ለሚጫወተው ሰው የነቀርሳ በሽታ ይሰጡታል። ወዳጅነት በቂ ምክንያት ያልሆነ ይመስል፥ በሽታ መጥቶ ምክንያት ሆነ።

በሥራው ድካም ጐደለ አንልም። ሬነር በቀረጻው ጊዜ ሁለቱም ክንዶቹ ተሰብረውበት እንኳ ሥራውን ፈጽሟል። ነገር ግን አጥንት ቢሰበር እውነት አይጠገንም። ፊልሙ ሲያልቅ እውነተኞቹ የስፖካን ሰዎች ራሳቸው በቀረጹት ሥዕል ይታያሉ። ጠጕራቸው የሸበተ፥ ቦርጫቸው የወጣ ጐልማሶች ጓደኛቸውን አድብተው ነክተው ሲሮጡ፥ ያለ ደራሲና ያለ ተዋናይ ከልብ ያስቁናል። ፊልሙ በራሱ ላይ ከዚህ የበለጠ ምስክር ሊያቀርብ አይችልም።

ሹማምንትም መምህራንም የሆናችሁ አንባብያን፥ በትምህርት ቤት አብረዋችሁ የሮጡትን ባልንጀሮች ዛሬ የት እንዳሉ ታውቃላችሁን? ዐሥሩ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝተው ነበር። ፊልሙ ግን መልሱን በድብድብ ሸፈነው። እኛ የምንነቅፈው ሣቅን አይደለም፤ ሣቅን የናቁትን ሠሪዎቹን ነው።