የድሃው ስኳር

«ስኳርና ግፊት የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል ከሰፈር ቡና እስከ ሬዲዮ ድረስ ሥር ሰዷል። የተማረው ሰው ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ስም ይዞታል፤ «የአኗኗር ዘይቤ በሽታዎች» ይላቸዋል። በጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተርም፣ በየቴሌቪዥኑ የሚቀርበው የጤና ዝግጅትም የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ብዙ ትቀመጣለህ፣ ብዙ ትበላለህ፣ ስለዚህ ትታመማለህ፤ ተንቀሳቀስ፣ ቅባት ቀንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትር። ምክሩ ለሚመለከተው ሰው ጥሩ ምክር ነው። የአንድ አገር የጤና ትምህርት ዋና ሐሳብ ሲሆን ግን የተሳሳተ ነው። በሽተኛውን ይወቅሳል፣ በሽታውን ያመጣውን ነገር ደግሞ ከዓይን ይሰውራል።

የራሳችንን ቁጥር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ሁኔታዎች በመላ አገሪቱ ተጠንተው ነበር። ከተመረመሩት አዋቂዎች ከመቶ 16ቱ ገደማ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ 6 የሚጠጉት ደግሞ በደማቸው ያለው ስኳር ከልክ አልፏል። ያው ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸውን ሲቆጥር ከመቶ 6 ብዙም ፈቅ አላለም። በቂ የአካል እንቅስቃሴ የማያደርጉትም እንዲሁ ከመቶ 6 ገደማ ናቸው። ይህ ሕዝብ አልወፈረም፤ ተቀምጦም አይውልም። ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ውኃ ለመቅዳት ዳገት ይወጣል ቁልቁለት ይወርዳል። ግፊቱ ግን አለ። በሚመከረው መጠን አትክልትና ፍራፍሬ የማይበላው ደግሞ ከመቶ 95 በላይ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ አንድን ነገር ሳይበላ ሲቀር የሚጠየቀው ገበያው፣ ዋጋውና መሬቱ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ስንፍና ሊሆን አይችልም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የስኳሩ ጉዳይ ነው። በጎንደርና በዙሪያው ባሉ ገጠሮች ለረጅም ዓመታት ሕሙማንን ሲከታተሉ የኖሩት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 «ዲያቤቶሎጂያ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያዩትን ጽፈዋል። ከገጠር የሚመጣው የስኳር በሽተኛ በአብዛኛው ወጣት፣ ከሲታ፣ ድሃና ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው ነው፤ ከወንዶቹ ቁጥር ደግሞ የሴቶቹ ያንሳል። ፖስተሩ ላይ ከሚታየው ቦርጫም ሰው ጋር ምንም አይገናኝም። ጥያቄያቸውም ግልጽ ነበር፦ በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር አለ የሚለውን የተዘጋ መዝገብ እንደገና መክፈት አይገባንም ወይ?

መዝገቡ በእርግጥ ተዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ፊሊፕ ሂው ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጃማይካ ከታወቁት ሁለት ዓይነቶች ጋር የማይሄድ፣ ቀጫጭን ሰዎችን የሚይዝ ስኳር አይቶ ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ በምደባው ውስጥ አስገባው፤ በ1999 ደግሞ ማስረጃው አይበቃም ብሎ አወጣው። ከዚያ በኋላ ከሩብ ምዕተ ዓመት ለበለጠ ጊዜ እነዚህ ሕሙማን ስም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በዓለም ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። በሕፃንነት፣ ምናልባትም ገና በማሕፀን ሳሉ የደረሰባቸው ረሀብ ቆሽታቸው በቂ ኢንሱሊን እንዳያመነጭ አድርጎታል የሚል ነው ማብራሪያው። ለዚህ ሰው «ምግብ ቀንስ» ማለት በረሀብ የታመመን ሰው በረሀብ ማከም ነው።

የዚህን ሰው ኑሮ ጠጋ ብለን እንየው። ቤቱ ማቀዝቀዣ የለም። ኢንሱሊኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ማሰሮው እርጥብ አሸዋ ባለበት ተለቅ ያለ ሸክላ ውስጥ ተቀምጦ ጥላ ሥር ይውላል፤ አሸዋው ሲደርቅ ውኃ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ በትጋት ይሠራል። ኢንሱሊን ግን ከተወጋ በኋላ ምግብ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ምርጫው ሁለት ይሆናል፦ ሳይበላ ተወግቶ ስኳሩ ወርዶ ራሱን መሳት፣ ወይም መርፌውን ትቶ ስኳሩ ሲወጣ ማየት። መርፌውን ይተዋል። መስከረም ላይ ለቀጠሮው ሰዓታት በእግሩ ተጉዞ ሲመጣ ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይጻፋል። ጥፋቱ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ይህ ፍርድ በደል ነው።

ሌላው የምንሸሸግበት ቃል «በዘር ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ዝሆኔ ነው፤ ያ በትንኝ የማይተላለፈው፣ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት። በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ አዋቂዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገመታል። እሳተ ገሞራ በተወው ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ አልፈው ይገቡና የእግሩን የፈሳሽ መተላለፊያ ቱቦዎች ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። በየአካባቢው ግን «በዚያ ቤት ደም ውስጥ አለ» ይባላል፤ እርግማን ነው የሚሉም አሉ። በዚህ ምክንያት ጋብቻ ይፈርሳል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። የዘር ድርሻ መኖሩ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ጥናት አሳይቶታል። ነገር ግን ያው ዘር ጫማ ካደረገ አይታመምም። ይህ በሽታ ድሮ አውሮፓም ውስጥ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ ጫማ ሲያደርግ ጠፋ። የእኛ ገበሬ ጫማ ቢኖረው እንኳ አንድ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ያስቀምጠዋል፤ ጭቃው ውስጥ ሲያርስ እግሩ ባዶ ነው። ሕክምናውም እኮ ከባድ አይደለም፦ ዕለት ዕለት በሳሙናና በጥቂት በረኪና መታጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው በሳሙናና በጫማ እጦት አካሉ ሲጎድል ስለ ደም ማውራት አሳፋሪ ነው።

የዘሩን ነገር የሚያፈርስ ሌላ ምስክር እስራኤል ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ፤ ወጣቶቹን ሳይቀር ያዘ። የሰው ደም በጥቂት ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ጤፍና ማሽላው ወደ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ፣ እርሻው ወደ መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ጠባብ ክፍል፣ የተከበረው ሽማግሌ ቋንቋ ወደማይገባው ጥገኛ ነው። ለዚህ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው፣ በራሱ ሰዎች አማካይነት የሚሠራው «ጤና ብሪኡት» የተባለው ድርጅት የተቋቋመውም መመሪያ አንብቦ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ ስለታየ ነው።

ሌላው በሽታ አምጪ የማብሰያው ጭስ ነው። ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች እጅግ የሚበዙት የሚያበስሉት በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ገዳዮቹም የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ በሽታና የሳንባ ካንሰር ናቸው። ሲጋራ በአፏ ሳታስገባ ሳንባዋ የከሰለ እናት የትኛውን የአኗኗር ዘይቤ መረጠች? እንጀራ ጋገረች፤ ሌላ ያደረገችው ነገር የለም።

ኑሮ የሚያመጣውን ጭንቀትም መርሳት የለብንም። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት በዝቅተኛው እርከን ያሉት በልብ ሕመም የሚሞቱት ከከፍተኛዎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ማጨስ፣ ግፊትና ኮሌስትሮል ሁሉ ተደምረው የሚያብራሩት ከልዩነቱ ግማሽ የማይሞላውን ነው። እነዚያ ደመወዝተኞች፣ ቤትና ሕክምና ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የቤት ኪራይ የጨመረበት፣ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የተባለ፣ የዕለት ሥራ ያላገኘ ሰው ልቡ ስንቱን ይችላል? ይህ ሰው ሐኪም ቤት ሲመጣ «ብዙ አታስብ» ይባላል።

የግለሰብ ድርሻ የለም እያልሁ አይደለም። ያው የ2015 ጥናት በቀን የምንበላው ጨው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል፤ የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው። ጨው መቀነስ ለብዙዎች ይቻላል፤ መጠጥና ሲጋራ መተውም እንዲሁ። ግን እዚህም ቢሆን ለውጥ የመጣው በምክር ብቻ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ማጨስን ከለከለ፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። መንግሥት በሰው ዙሪያ ያለውን ሁኔታ መለወጥ እንደሚችል በዚህ አሳይቷል። ሲጋራ ላይ የታየው ቆራጥነት ጫማ፣ ምድጃና ምግብ ላይ ሲደርስ ለምን ወደ ምክር ይለወጣል?

ሐኪሞቻችንን የምለምነው ካርዱ ላይ «አይወስድም» ብለው ከመጻፋቸው በፊት «ክረምቱን ምን በላህ? በምን ታበስላላችሁ? ስንት ሰዓት ተጉዘህ መጣህ?» ብለው እንዲጠይቁና መልሱን እንዲጽፉት ነው። ጋዜጠኞቻችን ደግሞ «የሀብታም በሽታ» የሚለውን አባባል ከማይክራፎናቸው ያውጡ። የጤና ሚኒስቴር ኢንሱሊን ከከተማ ሆስፒታል አልፎ ገጠር ጤና ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ እንዲገኝ ያድርግ፤ የምግብ እርዳታ መዝገቡም ኢንሱሊን የሚወጉትን ድሆች ከሐምሌ በፊት ይመዝግብ።