ማደያዎቹ አይወዳደሩም፤ የምንወዳደረው እኛ ነን

ርዕሰ አንቀጽ

ከግቢያችን ወጣ ብሎ ሁለት የነዳጅ ማደያዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የአንደኛው ቀጂ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከሁለተኛው ቀጂ ጋር ሊጫወት ይችላል። ባለፈው ሰሞን በአንደኛው ማደያ ቀጂዎቹ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ «ቤንዚን የለም» የሚል የካርቶን ቁራጭ አንጠልጥለዋል። በሁለተኛው ማደያ ደግሞ የሚኒባሱ፣ የባጃጁና የቤት መኪናው ሰልፍ ማዕዘኑን ዞሮ ከዓይን ጠፍቶ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ከመካከላችን ብዙዎች ፈተና ላይ ዘግይተው ገቡ፤ ሊያመጧቸው የሚገባቸው ታክሲዎች ከሌሊት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነበሩና።

በሁለቱም ማደያዎች የተጻፈው ዋጋ ግን እስከ ሳንቲሙ ድረስ አንድ ነበር። ቤንዚን ያለውም የሌለውም የሚሸጡት በእኩል ዋጋ ነው!

በአንደኛ ዓመት የምጣኔ ሀብት ትምህርት የተማርነው ከዚህ ይለያል። ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ አንዱ አሥር ሳንቲም ሲቀንስ ሁለተኛው አሥራ አምስት ይቀንሳል፤ ገዢውም በመካከል ቆሞ ይጠቀማል ተብለናል። መርካቶ ሽንኩርት ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። ታዲያ ሽንኩርት ሻጮች ሲወዳደሩ ቤንዚን ሻጮች የማይወዳደሩት ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ባለ መኪናዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የታክሲው ታሪፍ፣ የገበሬው የመስኖ ፓምፕ፣ በገጠር በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ፣ ከሁመራም ሆነ ከጎጃም እህል የሚጭነው መኪና ሁሉ በዚሁ ቧንቧ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ነዳጅ በጠባዩ ለውድድር የተመቸ ዕቃ ነው። የአንዱ ማደያ ቤንዚን ከሌላው ቤንዚን እምብዛም አይለይም፤ ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ከመንገድ ይታያል፤ ገዢውም ባለ ጎማ ስለ ሆነ ካልተስማማው አልፎ ይሄዳል። ዋጋው ለገበያ በተለቀቀባቸው አገሮች ብዙ ማደያዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ቤንዚን ይረክሳል፤ ከከተማ ርቆ ብቻውን በቆመው ማደያ ግን ይወደዳል። በፈረንሳይ አገር ትልልቆቹ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች በደጃቸው ማደያ ተክለው በትንሽ ትርፍ ይሸጣሉ፤ ቤንዚን ሊቀዳ የመጣው ሰው ዳቦና ሥጋ ገዝቶ መመለሱ አይቀርምና። በዚያ አገር ከሚሸጠው የመኪና ነዳጅ ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከእነዚሁ መደብሮች ነው።

ነገር ግን ያም ቢሆን ገነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሮበርት ቤከን የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ የእንግሊዝን አገር የቤንዚን ዋጋ መርምረው፣ የማደያው ዋጋ የድፍድፉ ዋጋ ሲጨምር እንደ ሮኬት ይወነጨፋል፣ ሲቀንስ ግን እንደ ላባ ቀስ እያለ ይወርዳል ብለው ጻፉ። በምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ይህንኑ ዓይነት ነገር አይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም ማደያዎች የነገውን ዋጋ ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት እንዲያስታውቁና ከነጋው 12 ሰዓት ጀምሮ ለ24 ሰዓት እንዳይለውጡት የሚል ነው። በጀርመን አገርም ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ እያንዳንዱ ማደያ ዋጋውን በለወጠ ቁጥር ውድድርን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ወዲያው እንዲያስታውቅ ተደረገ። በቺሊ ግን የማደያዎች ዋጋ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ እንዲገለጥ በተደረገ ጊዜ፣ በኋላ የወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ የማደያዎቹ ትርፍ ከፍ አለ እንጂ አልቀነሰም። ገዢው ሰሌዳውን ሳያይ በቀረበት ሠፈር ሻጮቹ እርስ በርስ መተያያ መስተዋት አደረጉት።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ውድድር በአዋጅ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም በቂ ዕቃ፣ ብዙ ሻጭና የነቃ ገዢ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውድድር የሚባለው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን የቤንዚን ዋጋ ዱሮም ቢሆን የነጋዴ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር፣ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ግማሽ ያህል ጨመረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎችም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ተነሡ። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋውን ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ በዚያ አልበረደም። በእርግጥ የወሎ ረሐብ፣ የወታደሩ ብሶት፣ የመሬት ጥያቄም ነበሩና አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ብቻ ነው አንልም። ሆኖም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ፣ ከየካቲቱ ግርግር መነሻዎች አንዱ በማደያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር መሆኑን የረሳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ይህን ቁጥር በራሱ እጅ ይዞ ማቆየቱ የሚያስገርም አይደለም።

የዛሬው አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ነዳጁን ከውጭ የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ የሚገባውም በአብዛኛው በጂቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ ነው። ኩባንያዎች ተረክበው ለየማደያዎቻቸው ያከፋፍላሉ። የመሸጫ ዋጋው ግን በመንግሥት ተቆርጦ ይወርዳል፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚለየውም በማጓጓዣው ልክ ነው። ማደያው ከአንድ ሊትር የሚያገኘው ትርፍም እንዲሁ የተወሰነ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ተባለ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በዚህ ሁሉ ጭማሪ ውስጥ ግን አንድም ቀን አንዱ ማደያ ከጎረቤቱ አሥር ሳንቲም ቀንሶ ሲሸጥ አላየንም።

ታዲያ ውድድሩ ጠፋ ማለት ነውን? አልጠፋም፤ ተገለበጠ እንጂ። ዕቃው ሲያንስና ዋጋው ሲታሰር ሻጩ ገዢ ለማግኘት መልፋቱን ይተዋል፤ ገዢው ሻጭ ለማግኘት ይለፋል። የምንወዳደረው እኛ ነን። የውድድሩም ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጊዜ፣ ትውውቅና ጉርሻ ሆኗል። ቀጂውን በስሙ የሚያውቅ ሰው «ቦቴው መጥቷል» ተብሎ ይደወልለታል። ሾፌር ያለው ሰው ሾፌሩን ሰልፍ ልኮ እርሱ ቢሮው ይቀመጣል። ባጃጅ ተከራይቶ የሚሠራው ወጣት ግን ሰልፍ ላይ ያሳለፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከዕለት እንጀራው ይቀነስበታል፤ ለባለንብረቱ የሚከፍለው ሒሳብ ሰልፍ አለ ተብሎ አይቀርለትምና። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ ለሁሉ እኩል ነው ማለት ይቻላልን? ለእርሱ የአንድ ሊትር ዋጋ የተጻፈው ቁጥር ሲደመር ግማሽ ቀን ነው።

የማደያው በር ሲዘጋ ደግሞ የመንገዱ ዳር ይከፈታል። በሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን በየክፍላተ ሀገሩ ከተሞች ጠርዝ ላይ ተደርድሮ እንደሚሸጥ ያላየ የለም። እዚያ ዋጋው ነፃ ነው፤ ገዢው ግን ነፃ አይደለም። ልኬቱን የሚመሰክርለት ቆጣሪ የለም፤ ምን እንደ ተደባለቀበት አያውቅም፤ ከምድጃና ከሕፃናት አጠገብ መቀመጡም ሌላ አደጋ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን መደረጉ ሒሳቡን ለመከታተል ረድቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰልፉን ስልክ አልበተነውም።

በመኝታ ቤቶቻችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ሲከራከሩ እንሰማለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዋጋው ይለቀቅ፣ ገበያው ራሱን ያስተካክላል» ይላሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው ከላይ ያልነውን ነው። አስመጪው አንድ፣ የውጭ ምንዛሪውም እጥረት ያለበት ሆኖ ሳለ ዋጋውን ብቻ ብንለቅ፣ ዛሬ በሰልፍ የምንከፍለውን ነገ ለማደያው ባለቤት በብር እንከፍለዋለን እንጂ አንዲት ሊትር አትጨመርም። አንድ ማደያ ብቻ ባላት ወረዳ ውስጥ ደግሞ ነፃ ዋጋ ማለት ባለ ማደያው ያለው ዋጋ ማለት ነው። ሌሎች ጓደኞቻችን «ችግሩ የስግብግብ ነጋዴ ነው፤ ይቀጣ» ይላሉ። አጥፊ መቀጣት አለበት። ሆኖም የፊት ለፊቱ ንግድ ሳንቲም፣ የጓሮው ንግድ ብር የሚያስገኝ ከሆነ፣ አንዱ ሲታሰር ሌላው መተካቱ አይቀርም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የቦቴ ተራ ለደረሰው ባለ ማደያም ይሠራል።

ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ከሁለቱም የተለየ ነው።

አንደኛ፣ ሊትሩ ይታወቅ። ሌሎች አገሮች የማደያዎችን ዋጋ ለሕዝብ እንደሚገልጡ ሁሉ፣ የእኛ አገር ዋጋው አንድ ስለ ሆነ መገለጥ ያለበት የሊትሩ መጠን ነው። የትኛው ማደያ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ እንደ ተራገፈለት በማደያው ሰሌዳ ላይና በየሰው ስልክ ይታይ። አሥር ሺህ ሊትር ጠዋት ተራግፎ ቀትር ላይ «የለም» የሚል ካርቶን ሲወጣ፣ የሠፈሩ ሰው ራሱ ሒሳቡን ይሠራል። ከሺህ ተቆጣጣሪ ይልቅ የሚቆጥር ሕዝብ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ዋጋ ጣሪያ ይሁን እንጂ ግድግዳ አይሁን። አቅርቦት በተሻለበት ከተማ ከጣሪያው ዝቅ አድርጎ ለመሸጥ የሚፈልግ ማደያ ቢኖር ይፈቀድለት፤ ይበረታታም። አሥር ሳንቲም ለአንድ መኪና ምንም አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ታክሲ ግን ነገር ናት።

ሦስተኛ፣ የማደያው ትርፍ እንደ ወጪው ይታይ። በሩቅ ወረዳ የሚሠራ፣ ሌሊት የሚከፍት፣ ቆጣሪው ተመርምሮ ልኩ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ማደያ ከሰነፉ ጋር እኩል ማግኘቱ ፍርድ አይደለም። በዋጋ መወዳደር ካልተቻለ በልክ፣ በሰዓትና በመስተንግዶ ይወዳደሩ።

አራተኛ፣ እጥረት ባለ ቀን የሕዝብ ማመላለሻና የገበሬው ናፍጣ ይቅደም። አንድ ሚኒባስ ሲቆም ከነረዳቱ የሚቆመው የሠፈሩ ሰው ሁሉ ነው።

ይህን ስንል ራሳችንን ከወቀሳው ነፃ አናወጣም። ከመካከላችን የአጎቱን መኪና ይዞ «እኔ ተማሪ ነኝ፣ ፈተና አለብኝ» ብሎ ሰልፍ ያለፈ የለምን? ዘመዱ ቀጂ ስለ ሆነ ጀሪካኑን በጓሮ ያስሞላስ? አድልዎን የምንጠላው ተራው ለሌላው ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ የጻፍነው ሁሉ ቀለምና ወረቀት ማባከን ነው።

በዚያን ዕለት ጠዋት ፈተና ላይ የዘገዩት ጓደኞቻችን ይቅርታ ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። ሰልፍ ላይ ለዋለው ባለ ባጃጅ ግን ግማሽ ቀኑን የሚመልስለት የለም። በሚቀጥለው ጊዜ በማደያ ደጃፍ ስናልፍ ዋጋውን ብቻ አይተን አንለፍ፤ ስንት ሊትር እንደ ገባና ወዴት እንደ ሄደ እንጠይቅ። ከዚህ አሳብ የሚለይ አባል ቢኖር ጽፎ ያምጣልን፤ በሚቀጥለው ዕትም ቦታ እንሰጠዋለን።

አዘጋጆቹ